ሲሞቅ የሚታፈን ጄት ስኪ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ማሽኑ ያማሃ ሱፐርጄት የሚባል፣ ውሃ ላይ የሚነዳ ጄት ስኪ ነው። 2 ስትሮክ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 701 ሲሲ፣ ባለ 38 ሚሊሜትር ሁለት ሚኩኒ ካርቡሬተር ያለው። ቆመው የሚነዱት ዓይነት ነው። መቀመጫ የለውም፣ መሪው ረጅም ዘንግ ላይ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ዕድሜው ገፍቷል፤ ከእኔ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ ጨዋማ ውሃ ላይ ነው የሠራው። ይሄን አውቄ ስለገዛሁት ማማረር የለም።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀዝቃዛ እያለ ሸጋ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ግን ከሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ከሚሠራበት) ተነስቼ ቤንዚን ስሰጠው ይታፈናል። አንድ ሁለት ሰከንድ ይንተባተብና ድንገት ነቅቶ ይመነጨቃል። ተቀምጠው የሚነዱት ማሽን ላይ ቢሆን ያናድዳል እንጂ አይጥልም። ቆመህ ስትነዳ ግን ሚዛንህን የያዘልህ የሞተሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲጠፋ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ግፊቱ ሲመለስ ደግሞ ማሽኑ ይሄዳል፣ አንተ ትቀራለህ። ሁለተኛ፣ ይግላል። ከጎን በኩል የማቀዝቀዣ ውሃ የምትተፋው ቀዳዳ አትተፋም፣ ታንጠባጥባለች። የሞተሩን ክዳን ስከፍት ደግሞ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።

ስለ መታፈኑ ያነሳሁበት ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "የካርቡሬተሩን ብሎን ትንሽ ፍታለት፣ ነዳጅ ይጨመርለት፣ በቃ።" ሊሠራም ይችላል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። የሆነ ቦታ አየር እየገባ ከሆነ ነዳጅ ስትጨምርለት ለጊዜው ዝም ይላል፣ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን ቀስ እያለ እየሰፋ ይቆይና አንድ ቀን ፒስቶን ይበላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወሰንኩ፦ ውሃው፣ የነዳጁ መንገድና የአየር ፍሳሹ እስኪጣሩ ድረስ አንድም የማስተካከያ ብሎን አልነካም።

ውሃው ይቅደም

ከማቀዝቀዣው ጀመርኩ። የታፈነ ሞተር ቢበዛ ጎትቶ ያመጣሃል፣ የጋለ ሞተር ግን ኪስህን ባዶ ያደርጋል።

ይሄ ማሽን ራዲያተር የለውም። የሚዞር ማቀዝቀዣ ፈሳሽም የለውም። የሚንሳፈፍበትን ውሃ ራሱን ነው የሚጠጣው። ከኋላ ያለው ፓምፕ ውሃ ሲገፋ፣ ከኢምፔለሩ (ፓምፑ ውስጥ ውሃውን ከሚገፋው መዘውር) ጀርባ ግፊት ካለበት ቦታ ትንሽ ውሃ በቱቦ ተጠልፎ ወደ ሞተሩ ይመጣል። የጭስ ማኒፎልዱን፣ የሲሊንደሮቹን ዙሪያና ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይ ክዳን) አዳርሶ ወደ ማርሚታው (የጭስ ማፈኛው) ያልፋል። ከፊሉ በጎን ባለችው ቀዳዳ ይወጣል፣ ከፊሉ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ከጭሱ ጋር የሚቀላቀለው ለጌጥ አይደለም። ከማርሚታው ቀጥሎ ያለውን የጎማ ቱቦ ከመቅለጥ የሚያድነው እሱ ነው። የሸተተኝም ይሄው ጎማ ነው። ፈትቼ ሳየው ውስጡ በአንድ በኩል ጠቁሯል፣ ግን አልተበሳም። ተርፏል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለማቀዝቀዣው የተለየ ፓምፕ ስለሌለ የውሃው ግፊት የሞተሩን ፍጥነት ነው የሚከተለው። ሚኒሞ ላይ የሚመጣው ውሃ ትንሽ ነው። ስለዚህ በሚኒሞ ቆሞ "ውሃዋ ቀጭን ናት" ብሎ መደናገጥም፣ "እየወጣች ነው" ብሎ መተኛትም አይሠራም። መታየት ያለበት ማሽኑ ውሃ ላይ ሆኖ መሃከለኛ ፍጥነት ላይ ሲሄድ ነው። የእኔ እዚያም ላይ ታንጠባጥብ ነበር።

ከውሃ ውጭ በአትክልት ቱቦ ስፈትሽ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ቀልድ የለውም፦ መጀመሪያ ሞተሩን ታስነሳለህ፣ ከዚያ ውሃውን ትከፍታለህ። ስትጨርስ መጀመሪያ ውሃውን ትዘጋለህ፣ ከዚያ ሞተሩን ታጠፋለህ። የተገላቢጦሽ ከሆነ ጭሱ የሚገፋው ውሃ አይኖርም፣ ውሃው ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀምና በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ፒስቶኑ ሲመጣ የሚታጠፈው ብረቱ ነው። ያለ ውሃ በደረቁ ማስነሳትም ቢሆን ከ15 ሰከንድ እንዳይበልጥ። እኔ ከዚያም በታች ነው የማጠፋው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ቱቦውን ሞተሩ ጋ ፈትቼ የአትክልት ቱቦውን ገጠምኩበትና ውሃውን ወደ ኋላ፣ ወደ ፓምፑ አቅጣጫ ሰደድኩት። ጎርፎ መውጣት ነበረበት። ጠብ ጠብ አለ። ከሞተሩ ወደ ማርሚታው ያለውን ግማሽ ለብቻው ስሰደው ግን ጥሩ ይፈስሳል፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቡናማ አሸዋ ተፋና ጠራ። እንግዲህ የታፈነው በፓምፑና በሞተሩ መሃል ነው።

ፓምፑን አወረድኩት። ውሃ የሚጠለፍባት ቀዳዳ ዙሪያዋ በጨውና በአሸዋ ተጋግራለች። ከሷ ቀጥሎ ባለው የዘጠና ዲግሪ ክርን ውስጥ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታክል የሲሊኮን ቁራጭ ተወትፋለች። ፓምፑ ከጀልባው አካል ጋር ሲገጠም ዙሪያው በሲሊኮን ይታሸጋል። ከእኔ በፊት የገጠመው ሰው አትረፍርፎ ቀብቶት ኖሯል፤ የተረፈው ተላጠና ውሃው ይዞት ገባ። ሲሊኮኗ እንደ ውታፍ ነው የምትሠራው። ውሃው ከፓምፑ ወደ ሞተሩ ሲገፋ ክርኑ ላይ ትለጠፋለች፣ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ጠበቅ ትላለች። ለዚህ ነው በፍጥነት ስነዳ ውሃው ያልጨመረው።

ቀዳዳዋንና ክርኑን ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኳቸው። ጨውና ኖራ የመሰለው ንጣፍ ይለቃል፣ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ብዙ ማቆየት አይገባም፤ እያየሁ አወጣሁና በንጹህ ውሃ አጠብኩ። ቱቦው ውጩ ደህና ቢመስልም አንድ መታጠፊያው ላይ ሲሞቅ የሚጨማደድ ሆኖ ስላገኘሁት ቀየርኩት፣ ፋሸታዎቹንም (ቱቦውን የሚያጠብቁትን ማሰሪያዎች) አብሬ። ፓምፑ ሲመለስ ሲሊኮን በስሱ፣ ከውጭ ጠርዝ ብቻ።

ቴስታታውን አልከፈትኩም። በዚያ በኩል ውሃው እየጎረፈ ስለሆነ ያለ ምክንያት ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያ መሃል የሚገባ ማሸጊያ) አላባክንም።

ከውሃው በኋላ

ቀዳዳዋ አሁን በደንብ ትተፋለች፣ ከማሽኑ ርቃ። የጎማው ሽታ ጠፋ።

ሙቀቱን በኢንፍራሬድ መለኪያ መከታተል ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ መለኪያው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ይዋሻል፣ ከእውነተኛው በታች ነው የሚያነበው። ቴስታታው ላይ ከሁለቱም ካንዴላ አጠገብ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ቁራጭ ለጠፍኩና በየጊዜው እዚያ ላይ ብቻ ለካሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚነጻጸሩ ሆኑ።

የፊተኛው ሲሊንደር 55 ዲግሪ አካባቢ። የኋለኛው 70 አካባቢ።

ሁለቱም በአንድ ውሃ፣ ከአንድ ቱቦ ነው የሚቀዘቅዙት። የውሃው መንገድ ተከፍቷል፣ አጠቃላይ ሙቀቱም ወርዷል። ታዲያ ይሄ ልዩነት ከየት መጣ? መታፈኑስ? መታፈኑ ቀነስ ብሏል፣ ግን አለ፤ ሲሞቅ ነው የሚመጣው፣ ያው ቦታ ላይ ነው፣ ከሚኒሞ ወደ ሩብ ቤንዚን ስሄድ። እንግዲህ ሁለቱ ችግሮች በከፊል ተደጋግፈው እንጂ አንድ ሆነው አልነበረም። የውሃው ጉዳይ ሁለቱንም ሲሊንደር ያግል ነበር። የኋለኛውን ግን ሌላም ነገር እያጋለው ነው፣ ያም ነገር ውሃ ሳይሆን እሳቱ ነው።

ካንዴላዎቹ ምን አሉ

ማሽኑ ላይ ያሉት ኤንጂኬ ቢአር8ኤችኤስ ናቸው። አዲስ ገዛሁ፣ ክፍተታቸውን በ0.6 እና 0.7 ሚሊሜትር መሃል አደረግኩ፣ ከዚያ በሙሉ ቤንዚን ቀጥ ብዬ ነድቼ እጅ ላይ የሚታሰረውን የማጥፊያ ገመድ በመንቀል እዚያው ውሃ ላይ አጠፋሁት። እየተንከባለልክ በሚኒሞ ዳር ድረስ መጥተህ ካንዴላ ብታወጣ የምታነበው የሚኒሞውን ቀለም ነው፣ ምንም አይነግርህም። ያገለገለ ካንዴላም የቆየ ታሪኩን ነው የሚያወራው።

የፊተኛው የተቆላ ቡና ቀለም አለው፣ መሆን ያለበት ነው። የኋለኛው ነጭ ነው ማለት ይቻላል።

ነጭ ማለት አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል፣ ቃጠሎውም ግሏል ማለት ነው። ካንዴላዎቹን ቦታ አቀያየርኩ፤ ነጩ ከሲሊንደሩ ጋር ቀረ እንጂ ከካንዴላው ጋር አልሄደም። ኮይሉ የሁለቱም የጋራ ስለሆነ እሱን ለጊዜው ተውኩት። የካንዴላ ሽቦዎቹን ጫፍ ብቻ ትንሽ ቆርጬ ቆቦቹን እንደገና ጠመዘዝኩ፣ ጫፋቸው አረንጓዴ ዝገት ጀምሮት ስለነበር። ለውጥ የለም።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ የሚጨምቁበትን ግፊት) ለካሁ፣ ቤንዚን መስጫውን ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ። 150 እና 147 ፒኤስአይ። በሁለቱ መሃል ከአሥር በመቶ በታች ልዩነት ካለ ደህና ነው ይባላል፣ የእኔ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፒስቶኖቹ ገና አልተጎዱም። እዚህ ላይ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ከዚያ የቾክ ፈተናው። ሞተሩ ሞቆ መታፈን በሚጀምርበት ሰዓት ቾኩን ጥቂት ሳብ አደረግኩት፤ ማለትም አየሩን ቀንሼ ነዳጁን አበዛሁለት። ወዲያው ነቃ። ነዳጅ በዝቶበት የታፈነ ሞተር ቢሆን ኖሮ ጭራሽ ይሞት ነበር። ድምፁም ይለያል፦ ነዳጅ የበዛበት "ብርብርብር" እያለ ይንፈራፈራል፣ ጭሱም ይወፍራል። ነዳጅ ያነሰው ግን ትንፋሹ እንደተቋረጠ ሰው ዝም ነው የሚለው። የእኔ ዝም የሚለው ነው።

የነዳጁ መንገድ

ይሄ ክፍል አጭር ነው ምክንያቱም ጥፋተኛው እዚህ አልተገኘም። የታንከሩን ክዳን ላላ አድርጌ ነዳሁ፤ የታንከሩ አየር ማስገቢያ ቫልቭ ተዘግቶ ከሆነ ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ነዳጁ አልመጣም ይላል፣ ክዳኑን ስታላላ ይለቃል። ለውጥ አላመጣም። የነዳጅ ማዞሪያውን ዘልዬ በቀጥታ አገናኘሁ፣ ለውጥ የለም። ማጣሪያው ንጹህ። የነዳጅ ቱቦዎቹ ግን ደርቀው ስንጥቅጥቅ ብለዋል፣ ስታጥፋቸው ይታያል። ጥፋተኛ ባይሆኑም ቀየርኳቸው። የካርቡሬተሩን የነዳጅ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰውን ቱቦም ጨምሬ። ይሄ ቱቦ ነዳጅ የለበትም፣ ከክራንክ ቤቱ (ከፒስቶኖቹ በታች ካለው የሞተሩ ሆድ) የሚመጣውን የግፊት ምት ነው የሚያደርሰው። እሱ ትንሽ ቢሰነጠቅ ፓምፑ ይደክማል፣ በዚያው ላይ አየር ያስገባል፤ ሁለት ጥፋት በአንድ ቱቦ።

ቤንዚኑ ከዘይት ጋር 50 ለ1 ነው የሚደባለቀው፣ 20 ሊትር ላይ 400 ሚሊ ሊትር። አሮጌውን ቀድቼ አዲስ ሞላሁ። ለውጥ የለም፣ ግን ከጥርጣሬ ዝርዝር አንድ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ታንከሩ የጋራ ነው፣ ማጣሪያውም የጋራ ነው። ከነሱ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱም ሲሊንደር ነዳጅ ያንሰው ነበር፤ የፊተኛው ግን የቡና ቀለም አለው። ስለዚህ መፈለግ ያለብኝ የኋለኛው ሲሊንደር ብቻ የሆነውን ነገር ነው፦ የራሱ ካርቡሬተር፣ የካርቡሬተሩና የማኒፎልዱ (የጭሱ ሳይሆን ካርቡሬተሩ የሚገጠምበት) ጓርኒሲዮኖች፣ ወይም በኋላ በኩል ያለው የክራንኩ ፓራኦሊዮ (የዘንጉን ዙሪያ የሚያሽግ የጎማ ቀለበት)። የመጨረሻው ከሆነ ሞተሩ መውረድና መከፈት አለበት። እሱ እንዳይሆን እየጸለይኩ ካርቡሬተሩን አወረድኩ።

ካርቡሬተሩ ውስጥ

ሚኩኒው ነዳጅ የሚጠራቀምበት ተንሳፋፊ ያለው ቤት የለውም። ይሄ የሆነው ማሽኑ ስለሚገለበጥ ነው፤ ተንሳፋፊ ቢኖረው በወደቅክ ቁጥር ነዳጁ ይፈስ ነበር። በምትኩ ስስ ዲያፍራም አለው። ሞተሩ ሲስብ ዲያፍራሙ ይሳብና ትንሽዬ ማንሻ ይጫናል፣ ማንሻው መርፌውን ያነሳል፣ ነዳጅ ይገባል። መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ ሲጠነክር ነዳጁ ዘግይቶ ይገባል፣ ሲለሰልስ ቶሎ ይገባል፤ ይሄ ደግሞ በትክክል ከሚኒሞ ወደ ሩብ ቤንዚን በምትሄድበት ቦታ ላይ ነው የሚሰማህ። ስለዚህ ጥርጣሬዬ መሠረት ነበረው።

ሁለቱንም ከፈትኩ፣ ጎን ለጎን እንዳነጻጽራቸው። የኋለኛው ዲያፍራም ደርቋል፣ እጄ ላይ ሳጥፈው ይንኮሻኮሻል። የፊተኛውም ወጣት አይደለም። የፓምፑ ቫልቮች፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፉት ስስ ፕላስቲኮች፣ ጠርዛቸው ትንሽ ተጠቅልሏል፤ ጠፍጣፋ ሆነው መተኛት ነበረባቸው። ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት ላይ ጥቁር ብናኝ አለ፣ የአሮጌ ቱቦ ፍርፋሪ ነው። ይቺን ወንፊት ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ውጭ ያለውን ማጣሪያ ቀይሮ ይረሳታል።

ለሁለቱም የጥገና ዕቃ አስገባሁ። ማንሻው ከቤቱ ወለል ጋር እኩል እንዲሆን አደረግኩ፤ ከፍ ካለ ነዳጅ ይበዛል፣ ዝቅ ካለ ያንሳል። ከዚያ በእጅ ፓምፕና በግፊት መለኪያ መርፌው የሚከፈትበትን ግፊት ፈተሽኩ። መርፌውን በቀጭን ዘይት ማርጠብ ያስፈልጋል፣ ደረቅ ከሆነ ቁጥሩ ይለዋወጣል። የፈለግኩት ሁለት ነገር ነው፦ ደጋግሜ ስሞክር በአንድ ዓይነት ግፊት እንዲከፈት፣ ሁለቱ ካርቡሬተሮችም እርስ በርስ እንዲስማሙ። ተስማሙ። ከመክፈቻው በታች ባለው ግፊት ላይም ምንም ሳያፈስሱ ያዙ። ጂግለሮቹን፣ ነዳጁን የሚለኩትን ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች፣ በማጽጃና በአየር ብቻ አጸዳሁ። ሽቦ የሚከቱ አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ቀዳዳው ከሰፋ በኋላ ምን እንደገዛችሁ አታውቁም።

ካርቡሬተሩን ሳወርድ ግን ሌላ ነገር ዓይኔ ገብቶ ነበር። የኋለኛው ካርቡሬተር ከማኒፎልዱ ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን፣ ከታች በሞተሩ በኩል ባለው ጥግ፣ እርጥብና ጥቁር ነው። ሌላው ቦታ ደረቅ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ግራጫ ሲሊኮን ተቀብቷል። ያው የሲሊኮን ወዳጅ።

የአየር ፍሳሽ ፍተሻ

አንዳንድ ሰው ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ካርቡሬተር ማጽጃ ወይም የሚነድ ጋዝ በየመገጣጠሚያው ይረጫል። ፍጥነቱ ሲቀየር "እዚህ ነው" ይላል። ይሠራል። ግን ይሄ ሞተር ያለው እንደ ጎድጓዳ ሳህን በሆነ፣ ክዳን ባለው የጀልባ ሆድ ውስጥ ነው፣ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። እዚያ ውስጥ የሚነድ ነገር መርጨት ለእኔ አይመጣልኝም።

የመረጥኩት የግፊት ፍተሻ ነው። 2 ስትሮክ ላይ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ መጀመሪያ የሚገባው ክራንክ ቤቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክራንክ ቤቱ አየር የማያሳልፍ መሆን አለበት፤ ከካርቡሬተሩ በኋላ የሚገባ እያንዳንዱ የአየር ጠብታ ማንም ያልለካው አየር ነው። የጭስ ማውጫውን በብረት ሳህንና በወፍራም ጎማ ዘጋሁ። በካርቡሬተሮቹ በኩል ካርቡሬተሮቹ በነበሩበት ቦታ ሌላ ሳህን፣ ከመሃሉ ግን አሮጌው ጓርኒሲዮን እንደነበረ እንዲቀመጥ አድርጌ፤ የምፈትሸው እሱንም ነውና። ካንዴላዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው። አየሩን ያስገባሁት የግፊት ምት ቱቦው በሚገጠምባት ጫፍ ነው።

በእጅ ፓምፕ 8 ፒኤስአይ። ከዚያ በላይ መሄድ ፓራኦሊዮዎቹን ይጎዳል፣ መጭመቂያ ማሽን በጭራሽ አይገጠምበትም። በደቂቃ ከ1 ፒኤስአይ በላይ ካልወረደ ደህና ነው ይባላል። የእኔ መርፌው ዓይኔ እያየ ወረደ።

የሳሙና ውሃ በብሩሽ። መጀመሪያ ያየሁት የፈራሁትን ነው። የፊተኛው ፓራኦሊዮ ከቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ካለው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት) ኋላ ስለሆነ ሽፋኑን ማውለቅ ግድ ነበር። የኋለኛው በመጋጠሚያው ጎማ በኩል በመስታወትና በእጅ ባትሪ ይታያል። አረፋ የለም። አሁንም የለም። የክራንክ ቤቱ መጋጠሚያ ዙሪያ የለም፣ ከሲሊንደሩ ሥር የለም።

የኋለኛው ካርቡሬተር ታችኛው ጥግ ላይ ግን ሳሙናው ሲነካ ብቅ ብቅ አለ። ሲሊኮኑ ከጎኑ ተላቆ በመሃሉ አየር ይተነፍሳል።

አየሩ ለምን ሲሞቅ ብቻ እንደሚበዛ ደግሞ ሳህኑን ስፈታ ገባኝ። ከብሎኖቹ በዚያ ጥግ ያለው ክሩ ደክሟል፤ ጠበቅ ያለ ይመስላል እንጂ አይነክስም። ቀዝቃዛ እያለ የደረቀው ጓርኒሲዮን በሲሊኮኑ ታግዞ ይዘጋል። አሉሚኒየሙ ሲሞቅ ይላወሳል፣ ብሎኑ አይዘውም፣ ክፍተቱ ይከፈታል። ሚኒሞ አካባቢ ያለው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ ያች ትንሽ አየር ሚዛኑን ታዛባለች። በሙሉ ቤንዚን ግን የሚገባው ሁሉ ብዙ ስለሆነ ያን ያህል አትታወቅም፣ ካንዴላውን ብቻ ነጭ ታደርጋለች።

ጥገናው ከፍለጋው ያነሰ ነበር። ሲሊኮኑን በፕላስቲክ መፋቂያ ሙልጭ አድርጌ አነሳሁ፣ ብረት አልነካሁበትም። የማኒፎልዱን ገጽ ወፍራም መስታወት ላይ በዘረጋሁት ስስ የብርጭቆ ወረቀት ላይ በክብ በክብ አሸሁ፤ ከፍ ያለው ቦታ መጀመሪያ ያበራል፣ ዝቅ ያለው ይጠቁራል፣ ሁሉም እኩል እስኪያበራ ድረስ። የደከመውን ክር በማስገቢያ ክር (ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ አዲስ ክር) አደስኩ። አዲስ ጓርኒሲዮኖች፣ ያለ ሲሊኮን። ብሎኖቹ በመስቀለኛ፣ በየተራ፣ ለንዝረት የማይላሉ እንዲሆኑ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የክር ሙጫ ጠብ አድርጌ።

እንደገና 8 ፒኤስአይ። መርፌው ቆመ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስም ብዙም አልወረደም።

አሁን ብሎኖቹን መንካት ይቻላል

ከዚህ በኋላ ነው ማስተካከያው ትርጉም ያለው። ሚኩኒው ላይ ሁለት ብሎኖች አሉ፣ የዝቅተኛው ፍጥነትና የከፍተኛው። ሁለቱም የሚቆጣጠሩት ነዳጅን ነው፤ ወደ ቀኝ ስታዞር ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ይጨምራል። ዝቅተኛው ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም፤ በሙሉ ቤንዚን ላይም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ታስተካክላለህ፣ ከፍተኛውን በመጨረሻ።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የኋለኛውን ዝቅተኛ ብሎን ከፊተኛው አስበልጦ ፍቶት ነበር። ምክሩን ሰምቶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱንም ወደ ፋብሪካው መነሻ መለስኩና ውሃ ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ የሩብ ዙር ግማሽ ያህል እየቀነስኩ እየጨመርኩ ሄድኩ። የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ ከሚኒሞ ቤንዚኑን ጥርግ አድርጌ ስሰጠው ያለ መዘግየት ይነሳል ወይስ አይነሳም። ሁለቱም እኩል ላይ ሲሆኑ ተነሳ። ከፍተኛውን መንካት አላስፈለገም፤ ካንዴላዎቹን እንደገና በሙሉ ቤንዚን አጥፍቼ ሳወጣቸው ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ የኋለኛው ትንሽ ቀለል ይላል።

ሙቀቱ፦ ፊት 54፣ ኋላ 57።

አሁን ያለበትና የቀረው

መታፈኑ ጠፍቷል። ሞቆም፣ ከወደቅኩ በኋላ እንደገና ሳስነሳውም። (ስትገለብጡት ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ቀስት አቅጣጫ መልሱት፤ በሌላው በኩል ከመለሳችሁት ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ይሄዳል።) ከጠነከረ ሩጫ በኋላ በሚኒሞ ብዙ ማቆም ትቻለሁ፤ ዳር ከመድረሴ በፊት ለስለስ ባለ ፍጥነት ትንሽ እነዳውና አጠፋዋለሁ። ጨው ካለበት ውሃ ስወጣ የማቀዝቀዣውን መንገድ በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ከላይ ባልኩት ቅደም ተከተል።

አንድ ነገር ይቀራል። ሞተሩ አሁን ቶሎ ስለሚነሳ በፊት የተሸፈነ ነገር ብቅ ብሏል፦ ከቆመበት በሙሉ ቤንዚን ስነሳ የሞተሩ ድምፅ ይጮሃል፣ ማሽኑ ግን ለአፍታ አይገፋም፣ ከዚያ ይነክሳል። ይሄ መታፈን አይደለም፣ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ ይዞራል፣ ኢምፔለሩ ግን ውሃውን ሳይሆን አረፋ ነው የሚጨብጠው። በኢምፔለሩ ጫፍና በዙሪያው ባለው ቀለበት መሃል ያለውን ክፍተት በቀጫጭን መለኪያ ቅጠሎች ለካሁ፤ በአንድ በኩል 0.8 ሚሊሜትር ደርሷል፣ ከዚያ በግማሽ አካባቢ ቢሆን ይሻላል። ቀለበቱ ላይ ጠጠር የቦረቦረው ጭረትም አለ። አዲስ ቀለበት አዝዣለሁ። ሲመጣ ፓምፑ እንደገና ይወርዳል፣ ያኔ የውሃ መጥለፊያዋንም ከፍቼ አያታለሁ።